ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም? «ወላዋይ»ን በእንግሊዝኛ ለማለት ትክክለኛውን ቃል የመምረጫ መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በአብዛኛው አስጎብኚዎች፣ የሆቴል ሠራተኞችና ጀልባ መነሻው አካባቢ የሚውሉ ወጣቶች ናቸው። ጎበዞች ናቸው። ሰዋስው እምብዛም አያስቸግራቸውም። የሚቸገሩት መንታ ከሚመስሉ ቃላት አንዱን መምረጥ ሲኖርባቸው ነው።

ከነሱ አንዱ ወደ ዘጌ ሊወስዳቸው ካሰባቸው ባልና ሚስት ጋር በኢሜይል ይጻጻፍ ነበር። ሰዎቹ ቀኑን ሁለት ጊዜ ቀየሩበት። «ቀኑን ገና ስላልወሰናችሁ ጀልባ አልያዝኩም» ሊላቸው ፈለገ። ስልኩ ላይ «ወላዋይ» ብሎ ሲፈልግ «ፊክል» የሚል ቃል መጣለት። «ፊክል ስለሆናችሁ ጀልባ አልያዝኩም» ብሎ ላከ። የመጣለት መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሌላ አስጎብኚ እንፈልጋለን ይላል። ልጁ «ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ደብዳቤውን ሲያሳየኝ አንጀቴን በላው። ሳያውቀው ሰዎቹን «ልባችሁ አይታመንም» ብሏቸዋል።

ይህ ስህተት ከስንፍና አይመጣም። አማርኛው «ወላዋይ» ሰፊ ቃል ነው። ገና ያልወሰነውንም፣ ወስኖ የሚያፈርሰውንም፣ ጠዋት ስቆ ማታ የሚያኮርፈውንም ያቅፋል። እንግሊዝኛ ግን ለየአንዳንዳቸው የተለየ ቃል አለው። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ሰው ይቀየማል። ለተማሪዎቼ የማሳያቸውን መንገድ እንዳለ ላስቀምጥላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው። እያንዳንዱን ስታገኙ መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ ሆሄያቱን በእጃችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። በእጅ የተጻፈ ቃል ቶሎ አይረሳም።

አንደኛ፦ መጀመሪያ አማርኛውን ጻፉ

ስልካችሁ ላይ አንድ ቃል ብቻ አስገብታችሁ አትፈልጉ። ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ። የሚለዋወጠው ማን ነው? ሰው ነው ወይስ ነገር? ዋጋ፣ ነፋስ፣ መብራት ወይም ውሃ ከሆነ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ክፍል እለፉ። ሰው ከሆነ ግን ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ሳትመልሱ አንድም ቃል አትምረጡ።

ሁለተኛ፦ ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም?

እንግሊዝኛው «ዲሳይድ» ከላቲን የመጣ ነው። የላቲኑ ሥር ትርጉም ቆርጦ መጣል ነው። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም። እኛም «ቁርጡን ንገረኝ» እንላለን። «ቆርጦ ተነሣ» እንላለን። የወሰነ ሰው ቁርጠኛ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ቢላ አንስተዋል። እኔ ይህን ባወቅሁበት ቀን ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ለጎረቤቴ ነበር የነገርኳት።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው። ሰውየው ቆርጧል ወይስ ገና አልቆረጠም? ገና ካልቆረጠ አንድ የቃላት ቤተሰብ አለ። ቆርጦ ሲያበቃ ከተመለሰ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ አለ። ያልቆረጠ ሰው ራሱ ተቸግሯል። ቆርጦ የሚመለስ ሰው ሌላውን ያስቸግራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወቀሳውን የሚያስቀምጠው በብዛት በሁለተኛው ላይ ነው። ተማሪዬ የሳተው እዚህ ጋ ነው። ለመጀመሪያው የሚሆን ሰው ይዞ ከሁለተኛው ቤት ቃል አወጣ።

ሦስተኛ፦ ገና ላልቆረጠ ሰው

አንድ ጠዋት ጀልባ መነሻው ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ እንግዳ አንድ እግራቸውን ጀልባው ጠርዝ ላይ አድርገው ቆሙ። ሌላው እግራቸው ድንጋዩ ላይ ነው። ጀልባው ነቅነቅ ይላል። ጀልባ ነጂው እጁን ዘርግቶ «ይግቡ፣ አይዞዎት» ይላል። ሴትዮዋ ውሃውን አዩ። እጁን አዩ። ሦስት አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ገቡ።

ያቺ ሦስት አራት ሰከንድ «ሄዚቴት» ናት። ቃሉ ከላቲን ሲመጣ መጣበቅን፣ መንተባተብንም ይዞ ነው። እግር መሬት ላይ እንደተጣበቀ ሁሉ ማለት ነው። በአማርኛ ማመንታት ወይም ማቅማማት ትሉታላችሁ። የአፍታ ነገር ነው፤ ከድርጊት በፊት የሚመጣ ቆም ማለት። ወቀሳ የለበትም። በሥራ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ የምታዩት «ዶንት ሄዚቴት ቱ ኮል ሚ» ከዚህ የመጣ ነው። አማርኛው «ከመደወል ወደኋላ አይበሉ» ነው። እዚያ ቦታ ሌላ ቃል አታስገቡ፤ የተለመደው ይኸው ብቻ ነው።

«ዌቨር» ከዚህ ይለያል። ይህን ለማስረዳት ተማሪዎቼን ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሐሳብ እወስዳቸዋለሁ። ከውጭ ፀሐይ ገብታችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አንዲት ጧፍ ትበራለች እንበል። በሩ ሲከፈት ነፋስ ይገባል። ነበልባሏ ትዘነበላለች፣ ትርገበገባለች፣ ግን አትጠፋም። በሩ ሲዘጋ ቀጥ ትላለች። «ዌቨር» የሚለው ቃል ከጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። የሥሩም ትርጉም ልክ እንዲህ መርገብገብ፣ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። ስለዚህ ዌቨር ለማለት መጀመሪያ የቆመ ነገር ያስፈልጋል። አቋም የነበረው ሰው አቋሙ መላላት ሲጀምር ነው ዌቨር የሚባለው። «የአባቴን የቡና መሬት አልሸጥም» ያለ ሰው ዋጋው ሲጨመርለት ዝም ማለት ከጀመረ፣ ኢዝ ዌቨሪንግ ነው። ገና አልሸጠም። በአሉታ ስትጠቀሙበት ደግሞ ትልቅ ምስጋና ይሆናል። «ሺ ኔቨር ዌቨርድ» ማለት አንድም ጊዜ ዝንፍ አላለችም ማለት ነው። ስለ አንድ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ ይህችን ዓረፍተ ነገር አስቧት።

«ቫሲሌት» ደግሞ ሁለት ጫፍ ይፈልጋል። ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ተመልሶም ወደ መጀመሪያው። አማርኛው መዋለል ነው። ሰኞ «ክብራን ገብርኤል እንሂድ» ይላል። ማክሰኞ «አይ፣ ደብረ ማርያም ይሻላል» ይላል። ረቡዕ እንደገና ክብራን ያምረዋል። ገና አልቆረጠም፤ ግን ዝም ብሎም አልቆመም። የላቲኑ ሥር መወዛወዝ ነው። የደንገል ታንኳ ላይ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ ስሜቱን ታውቁታላችሁ። ቃሉ ከበድ ያለ ነው፤ ለጽሑፍና ለመደበኛ ንግግር ይስማማል። ስለ መሪዎችና ስለ ባለሥልጣናት ሲነገር ወቀሳ ያዘለ ነው። ለእንግዳችሁ በፊቱ አትበሉት።

አሁን ተማሪዬን የሚያድነው ጥንድ ላይ ደረስን። «አንዲሳይድድ» እና «ኢንዲሳይሲቭ»።

አንዲሳይድድ ማለት በዚህ ጉዳይ፣ በዚህ ሰዓት ገና አልወሰነም ማለት ነው። ነገ ሊወስን ይችላል። ጠባዩን አልነካችሁም። ኢንዲሳይሲቭ ግን ጠባይ ነው። ምግብ ቤት ገብቶ ዝርዝሩን ሦስቴ የሚያነብ፣ በመጨረሻም «አንተ የምትበላውን አምጣልኝ» የሚል ሰው ነው። መወሰን ራሱ ይከብደዋል። የመጀመሪያው ሁኔታ ነው፣ ሁለተኛው ዐመል ነው። ሰውን በአንድ ቀን ሥራው «ኢንዲሳይሲቭ» ብትሉት ስለ ዕድሜ ልኩ እንደ ፈረዳችሁ ይቆጠራል። ኢንዲሳይሲቭ ሌላም አገልግሎት አለው። ውጊያ ወይም የድምፅ ውጤት አሸናፊው ሳይለይ ሲቀር እንዲሁ ይባላል። ነገሩን ያልቆረጠ ውጤት ማለት ነው።

ከዚህም የሚሻል ጨዋ መንገድ አለ። ሰዎቹን ትታችሁ ቀኑን ተናገሩ። «ሲንስ ዘ ዴት ኢዝ ኖት ፋይናል የት» በሉ። ቀኑ ገና ስላልተቆረጠ ማለት ነው። ማንም አይቀየምም። እኔ በግሌ ለደንበኛ በሚላክ ጽሑፍ ሁሉ ይህን ነው የምመርጠው።

«አምቢቫለንት» በብዙ ሰው ዘንድ ይሳሳታል። ቃሉ ወጣት ነው። የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር በፈረንጆቹ 1910 አካባቢ ከላቲን ቃላት አዋቅሮ በጀርመንኛ ያወጣው ነው፤ «ሁለቱም ወገን» እና «ጉልበት» የሚሉ ሥሮች አሉበት። ሁለት ስሜቶች በእኩል ጉልበት ሲጎትቱ ማለት ነው። «ልቤ ለሁለት ተከፈለ» የምንለው ነው። አንዱ ተማሪዬ አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። ቆርጧል፤ ትኬቱን ገዝቷል፣ ሻንጣውን አስሯል። ግን እናቱን ትቶ መሄዱ ሆዱን ያባባዋል። ይህ ልጅ ኢንዲሳይሲቭ አይደለም። አምቢቫለንት ነው። አያችሁ፣ ቆርጦም መንታ ልብ ሊኖር ይችላል። አንዳንዶች ቃሉን «ግድ የለኝም» ለማለት ይጠቀሙበታል። ያ «ኢንዲፈረንት» ነው። አምቢቫለንት ሰው ግድ ስላለው ነው የሚጨነቀው።

«ዲዘር» የሚል የአፍ ቃልም አለ፤ በትንሽ ነገር ወዲያ ወዲህ እያሉ ጊዜ መግደል ነው። «ዊሺ ዋሺ» ደግሞ አቋም የለሽ ማለት ሲሆን ንቀት አለበት። ሁለቱንም ስትሰሙ እወቋቸው፤ እናንተ ባትጠቀሙባቸው ግን አይጎድልባችሁም።

አራተኛ፦ ቆርጦ ለሚመለስ ሰው

መጀመሪያ ገለልተኛውን ሞክሩ። «ሂ ቼንጅድ ሂዝ ማይንድ»። ሐሳቡን ቀየረ። ሙገሳም ወቀሳም የለበትም። ምክንያት ኖሮት ሐሳቡን የቀየረ ሰው ምንም አላጠፋም። ከአሥር ጊዜ ስምንቱን የሚያስፈልጋችሁ ይኸው ነው።

ወቀሳ ሲኖር ነው ወደ «ፊክል» የምትሄዱት። ፊክል በጥንታዊው እንግሊዝኛ አታላይ ማለት ነበር። ትርጉሙ በጊዜ ብዛት ለስልሷል፤ መራራው ጣዕሙ ግን አልጠፋም። ዛሬ ልቡ የማይረጋ፣ ፍቅሩና ታማኝነቱ የማይጸና ለማለት ነው የሚያገለግለው። ትናንት ትከሻ ላይ ያነሡትን ተጫዋች ዛሬ የሚሰድቡ ደጋፊዎች ፊክል ናቸው። ያለ በቂ ነገር ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው የሚዞር ደንበኛ ፊክል ነው። ዕድልም ፊክል ትባላለች፤ እኛ «ዓለም ዘጠኝ» እንደምንለው ዓይነት ነገር ነው። ልብ በሉ፣ ከቃሉ ጀርባ ሁልጊዜ የተከዳ ሰው አለ። ቀን የቀየሩት ባልና ሚስት ማንን ከዱ? ማንንም።

«ካፕሪሸስ» ከጣልያንኛው «ካፕሪቾ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። የሚዘል ፍየል ከዚህ ቃል ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ ፍየል ለምን ወደዚያ ዘለለች ተብላ አትጠየቅምና ለማስታወስ ይረዳል። የካፕሪሸስ መለያው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ምክንያት የለውም። ሁለተኛ ብዙ ጊዜ ሥልጣን ካለው ሰው ጋር ይሄዳል። ትናንት የፈቀደውን ዛሬ ያለ ምክንያት የሚከለክል አለቃ ካፕሪሸስ ነው። ሠራተኛው በዚያ አለቃ ላይ ሲያኮርፍ ካፕሪሸስ አይባልም። ሕግ ውስጥም ገብቷል። በፈረንጆቹ 1946 የወጣው የአሜሪካ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የመሥሪያ ቤት ውሳኔ «አርቢትራሪ» ወይም «ካፕሪሸስ» ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤት እንዲሽረው ያዛል። በዘፈቀደ፣ እንዳሻው የተወሰነ ማለታቸው ነው። ለአቤቱታ ጽሑፍ የሚሆን ከባድ ቃል ስለሆነ በዋዛ አታውጡት።

«መርኩሪያል» የስሜት ነው። ከሜርኩሪ ስም የመጣ ሲሆን፣ በእጅ አልያዝ የሚለውን ባዜቃ አስቡ። አሁን ይስቃል፣ ወዲያው ይቆጣል፣ ደግሞ ይረሳዋል። ስለ ሠዓሊዎችና ስለ ድምፃውያን ሲነገር አድናቆት ሊኖርበት ይችላል። ፊክል ውስጥ ግን አድናቆት ፈጽሞ አታገኙም።

የዚህ ቤተሰብ ደጉ ልጅ «ፍሌክሲብል» ነው። እንደ ሁኔታው ራሱን የሚያስተካክል ሰው ነው። ያው መለዋወጥ ነው፤ ግን ለሌላው ሲባል የተደረገ። ቀን የቀየረባችሁን እንግዳ «ዊ አር ፍሌክሲብል» ብትሉት፣ ለውጡን ወደ ራሳችሁ ወስዳችሁ አቀለላችሁለት ማለት ነው። አስጎብኚ ሁሉ ይህችን ሐረግ በአፉ ሊይዛት ይገባል።

አምስተኛ፦ ለነገር

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ክፍል ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። ሐይቁ ራሱ ያስተምራል።

ጠዋት ውሃው ረግቶ ያድራል። ፀሐይዋ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። የብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለው አየር ቦታውን ሊሞላ ይመጣል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ የሚነሣው ለዚህ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቢሆንም፣ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ይናወጣል። ጀልባ ነጂዎች «በጠዋት ወጥተን እንመለስ» የሚሉት ወደው አይደለም።

ታዲያ ይህን ነፋስ ለእንግዳ ስትነግሩ ምን ትላላችሁ? ብዙዎቹ ተማሪዎቼ «አንፕሪዲክተብል» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። አንፕሪዲክተብል ማለት አስቀድሞ የማይታወቅ ነው። የእኛ ጀልባ ነጂዎች ሰዓቱን ያውቁታል! ትክክለኛው «ቼንጀብል» ነው። ይለዋወጣል ማለት ብቻ ነው፤ ወቅቱ አይታወቅም አይልም። ልዩነቱ ለእንግዳው ትልቅ ነው። አንፕሪዲክተብል ብትሉት ይፈራል። ቼንጀብል ብላችሁ «ስለዚህ በጠዋት እንወጣለን» ብትሉት ያምናችኋል።

ከፍና ዝቅ የሚል፣ በልክ የሚለካ ነገር ሲሆን «ፍላክችዌት» ይባላል። መዋዠቅ ነው። የጣና የውሃ ከፍታ በክረምቱ መውጫ ይጨምራል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይቀንሳል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በኩል በፈረንጆቹ 1996 የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ከፍታው የሚዋዥቀው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሚለቀቀው ውሃ መጠንም ነው።

«ቬሪየብል» ደግሞ እንደየጊዜውና እንደየቦታው መጠኑ የሚለያይ ማለት ነው፤ ረጋ ያለ፣ ገለልተኛ ቃል ነው። ለጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከዚህ የሚሻል የለም። እንግዶች የድሮ ፎቶ አይተው ይመጣሉ። በበጋ መጥተው ቀጭን ውሃ ሲያዩ የተታለሉ ይመስላቸዋል። ፏፏቴው አጠገብ በፈረንጆቹ 1964 እና 2001 የተጀመሩ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ። ከፈረንጆቹ 2010 ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ የተባለው ሌላ ማመንጫ ውሃውን ከሐይቁ በምዕራብ በኩል በቀጥታ ይወስዳል። ስለዚህ ገና መኪና ውስጥ እያላችሁ «ዘ ፍሎው ኢዝ ቬሪየብል» ብላችሁ ምክንያቱን ንገሯቸው። ነሐሴና መስከረም ላይ የሚመጣ ሰው የበለጠ እንደሚያይም ጨምሩ። እውነቱን አስቀድሞ የሰማ እንግዳ ቀጭኑንም ውሃ በደስታ ያየዋል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ቮላታይል» ስር መሰረቱ መብረር ነው፤ ከላቲን። ክዳኑ የተከፈተ የቤንዚን ጀሪካን አስቡ። ሽታው አፍንጫችሁ የሚደርሰው ቤንዚኑ ራሱ እየተነነ ስለሚበር ነው። በኬሚስትሪ ቮላታይል የሚባለው ይኼ ነው። ከዚያ ወደ ገበያ ተሻገረ። የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ሳምንት ዘሎ በሚቀጥለው ቢወርድ ቮላታይል ነው። ፍላክችዌት የሚያደርግ ነገር ረጋ ብሎም ሊሆን ይችላል፤ ቮላታይል ግን ድንገተኛና አደገኛ ነው። ለሰው ሲሆን ግልፍተኛ ማለት ነው። ለፖለቲካ ሁኔታ ሲሆን በትንሽ ክብሪት የሚቀጣጠል ማለት ነው።

የጀልባ ሞተር አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ፣ ድምፁ እየተቀያየረ ቢሄድ «ኢራቲክ» ነው፤ ሥሩ መቅበዝበዝ ነው፣ መስመር የለውም። ያለ ምልክት ግራ ቀኝ የሚል ባጃጅም እንዲሁ። ሄድ መጣ የሚል መብራትና ኔትወርክ ግን «ኢንተርሚተንት» ነው። ሲኖር ደህና ነው፣ ከዚያ ይቋረጣል። ክፍል ለሚከራይ እንግዳ ስለ መብራት ስትጽፉ ይህን ለዩ። «ኢራቲክ» ካላችሁ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ኮምፒውተሩን የሚያቃጥልበት ሊመስለው ይችላል።

ስድስተኛ፦ ማያያዣውን አብራችሁ አጥኑ

ትክክለኛ ቃል በተሳሳተ ማያያዣ ይበላሻል። ሄዚቴት ከ«ቱ» እና ከግሥ ጋር ይሄዳል። ቫሲሌት «ቢትዊን» ይወዳል፣ ሁለቱንም ጫፍ ጥሩለት። አምቢቫለንትና አንዲሳይድድ «አባውት» ይከተላቸዋል። ፍላክችዌት ተሳቢ የለውም። «ነጋዴው ዋጋውን ፍላክችዌት አደረገው» አይባልም፤ ዋጋው ራሱ ነው ፍላክችዌት የሚያደርገው። ይህን የመጨረሻውን ስህተት ጎበዝ ተማሪዎችም ይሠሩታል።

ሰባተኛ፦ ሞክሩት

መልሱን በወረቀት ሸፍናችሁ ሥሩ።

እህቴ የሠርግ ልብሷን መርጣ ከፍላለች፤ አሁን ጓደኞቿ ሲያሙባት «ተሳስቼ ይሆን?» ማለት ጀምራለች። ቆርጣለች፤ አልተመለሰችም፤ አቋሟ ግን ተርገብግቧል። ዌቨሪንግ ነች።

የቤት አከራዬ ባለፈው ወር እንግዳ ማሳደር ፈቀዱ፣ በዚህ ወር ከለከሉ፣ ምክንያቱን ብጠይቅ «እንዲሁ» አሉኝ። ሥልጣን አለ፣ ምክንያት የለም። ካፕሪሸስ።

ወንድሜ ግብርና ይማር ወይስ ቱሪዝም ገና አላወቀም፤ ውጤቱን እየጠበቀ ነው። አንዲሳይድድ። ኢንዲሳይሲቭ ብላችሁ ከሆነ ሦስተኛውን ክፍል እንደገና አንብቡ፤ ልጁን በድላችሁታል።

ስልኩ ሲደወል አነሣው፣ ስሟን ሲያይ አፍታ ቆየ፣ ከዚያ «ሄሎ» አለ። ሄዚቴት።

የመጨረሻው የተማሪዬ ደብዳቤ ነው። እንደገና ስንጽፈው አንድ ሙሉ ማታ ፈጅቶብናል። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቃሉን በተሳሳተ ትርጉም እንደተጠቀመበት በግልጽ ጻፈ። ቀጥሎ «ዘ ዴት ኢዝ ኖት ፋይናል የት፣ ሶ አይ ሃቭ ኖት ቡክድ ዘ ቦት» አለ። ከዚያ «አይ አም ፍሌክሲብል» ብሎ፣ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ የትኛውንም ቀን ቢመርጡ በጠዋት መውጣት እንደሚሻል ጨመረ። «ፕሊዝ ዶንት ሄዚቴት ቱ ራይት» ብሎ ዘጋው። ላክ የሚለውን ከመጫኑ በፊት ጣቱ አየር ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ተጫነው።